ኳሱን ትይዛለች፣ መቼ እንደምትወረውር ግን አታውቅም። ምን ላድርግ?

አጎት ከባሕር ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 10 ዓመቷ ነው፤ ሶፍትቦል ይዟታል፤ እንደ ቤዝቦል ኳስ በዱላ መትቶ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። አሜሪካ ያለች አክስቷ ጓንትና ኳስ ይዛላት መጥታ ነው ነገሩ የተጀመረው። ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ እናጫውታቸዋለን። ከሰዓት የጣና ነፋስ ያስቸግራል።

እሷ የምትቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች በየተራ የሚረግጡት ማረፊያ) መሀል ነው፤ ሾርትስቶፕ የሚሉት ቦታ። መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ አያመልጣትም። ችግሩ ከያዘች በኋላ ነው። አንዳንዴ ኳሱን ታቅፋ ትቆማለች፤ ኳሱን መትታ የሮጠችው ልጅ ኳሱ ሳይቀድማት አንደኛው ቤዝ ገብታ ታርፋለች። አንዳንዴ ደግሞ ቤዙ ላይ ኳሱን የምትቀበለው ጓደኛዋ ገና ወደዚያ እየሮጠች ሳለ ትለቀዋለች። እኔ ከዳር ሆኜ «ወርውሪ! ወርውሪ!» እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ቪዲዮ ላይ ያየሁትን የቤዝቦል ልምምድ ሁሉ ሞክሬያለሁ። ጊዜውን እንዴት ላስተምራት?

የስፖርት መምህር፦
ወዳጄ፣ መጀመሪያ ጩኸቱን ተው። ቃልህ ጆሮዋ ገብቶ እጇ እስኪታዘዝ ጊዜው አልፏል። ቪዲዮውንም ተወው። በቤዝቦል ከቤዝ እስከ ቤዝ 27.43 ሜትር ነው፤ በሶፍትቦል 18.29 ብቻ። እዚያ ያለው ሰውዬ ተራምዶ፣ ተመቻችቶ ይወረውራል። እሷ ያን ያህል ጊዜ የላትም።

እኔ ብሆን ጓንቷን አስወልቄ ሯጭ አደርጋታለሁ። መቺዋ ከምትቆምበት እስከ አንደኛው ቤዝ ደጋግማ ትሩጥ፤ እየሮጠች ድምፅ አውጥታ ትቁጠር። አንተ በስልክህ ሰዓት ያዝ። ሯጭ ምን ያህል እንደሚፈጅባት በገዛ እግሯ ትወቀው።

ደግሞ ቅልብልቦሽ ትጫወታለች? ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ፣ መሬት ያለውን አፍሳ፣ ሳይወድቅ ትቀልበዋለች። ዓይኗ መሬቱ ላይ ነው፣ ግን ጠጠሩ መቼ እንደሚወርድ ታውቃለች። ይህ ችሎታ አላት ማለት ነው። እሱን አስታውሳት።

የድሮ እጅ ኳስ ተጫዋች፦
መምህር ባሉት ላይ ልጨምር። ለብቻዋ አታለማምዳት፤ ተቀባይዋም አብራ ትሁን። ተቀባይዋ ቤዙ ላይ እስክትቆም መጠበቅ የለባትም። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ኳሱ ከእጅ ይውጣ፤ ልጅቷ አሁን ወዳለችበት ሳይሆን ወደ ቤዙ፣ በደረት ቁመት።

ኳሱን ግን ለክተኸዋል? ዙሪያው 30 ሴንቲ ከሆነ የትልልቆቹ ነው። ለእሷ ዕድሜ 28 ሴንቲው አለ። እኔ የምጠረጥረው፣ ታቅፋው የምትቆመው ፈርታ ሳይሆን ጣቷ አልጨብጥ ብሏት ነው።

አጎት ከባሕር ዳር፦
የእጅ ኳሷ እህቴ፣ ኳሱን በክር ለካሁት። 30 ሴንቲ ተኩል! ልጅቷን ስንት ቀን በከንቱ ተቆጣኋት። አነስ ያለ ኳስ እዚህ ስላጣሁ ከካልሲ ሰፍተን በእሱ ተለማመደች።

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሥር ጊዜ ሮጠች፤ የፈጠነችበት 4 ሴኮንድ ከትንሽ ነው። አሁን ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነው። ትናንት ጎንበስ ብላ አነሳችው። ተቀባይዋ ገና እየሮጠች ነበር። «ሦስት» ስትል ለቀቀችው። ኳሱና የተቀባይዋ እግር እኩል ደረሱ፤ ሯጯ አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር። እኔ አፌን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።