በኩፖን የተወሰደው ዕቃ ክፍሏን ሞላት፤ ሽምብራውም ነቀዘ፤ ምን ይሻላል?

ደብረብርሃንዋ፦

ሰላም ለቤቱ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ በኩል 4 በ4 የሆነች አንድ የጭቃ ክፍልና ጠባብ ማዕድ ቤት ተከራይተን ለአራት እንኖራለን። ከሸማቾች ዘይትና ስኳር በኩፖን ሲመጣ ተራ እንዳያልፈን እንወስዳለን፤ እህሉንም በመኸር ዋጋው ሳይወጣ ብለን ስንሰበስብ ቤቱ መጋዘን ሆነ። ያለው ይኼ ነው፦ ጤፍ 1 ኩንታል፣ ሽምብራ 30 ኪሎ፣ ሽሮ 20 ኪሎ፣ የስንዴ ዱቄት 25 ኪሎ፣ በርበሬ 10 ኪሎ፣ ስኳር 18 ኪሎ፣ ዘይት ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካንና ባለ 5 ሊትር አራት፣ የልብስ ሳሙና ሁለት ካርቶን። አልጋ ሥር አልበቃ ብሎ ግድግዳው ጥግ ተደርድሯል። ሽምብራው ጥንዚዛ አወጣ፣ ስኳሩ ድንጋይ ሆነ፣ የ20 ሊትሩ ዘይት ነጭ ሆኖ ረጋ፣ የስንዴ ዱቄቱ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። የቱን ላስቀድም? የሚቀጥለው ተራ ሲመጣስ ልተወው?

ጎተራ፦

እህቴ፣ ከሽምብራው ጀምሪ። ሌላው ቀን ይሰጥሻል፣ እሱ አይሰጥም። እፍኝ ወስደሽ ብርሃን ላይ እዪው። ቆዳው ላይ የተለጠፈችው ነጭ ነጥብ የነቀዝ እንቁላል ናት። ክብ ቀዳዳ ያለው ፍሬ ጥንዚዛው ወጥቶ የሄደበት ነው፤ ነጥብ እያለበት ያልተበሳው ግን ትሉ ገና ውስጡ እየበላ ነው። ለዚህ ነው ነፍተሽ ጥንዚዛውን ብትጥይም ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና የሚፈላው።

የተበሳውን በወንፊትና በሰፌድ ለይተሽ ለዶሮ ስጪ። የቀረውን በሙቀት ግደዪለት። መሬት ላይ ጆንያ ወይም ገለባ፣ በላዩ ጥቁር ላስቲክ አንጥፊ። ጆንያው ከሌለ ቀዝቃዛው መሬት ሙቀቱን ይጠጣዋል። ሽምብራውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ውፍረት አስጪና ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ሸፍነሽ ዙሪያውን በድንጋይ ጫኚው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይቆይ። ፍሬው 57 ዲግሪ ያህል ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉም ትሉም ያልቃል። ያለ ሽፋን በደብረ ብርሃን ነፋስ ማስጣት ግን ጥንዚዛውን ያስበርረዋል እንጂ አይገድለውም። ከዘመድ ለዘር ያስቀመጣችሁት ካለ ይኼን አታድርጊበት።

በደንብ ሳይቀዘቅዝ አታሽጊው። ከዚያ ታጥቦ አንዲት ጠብታ ውሃ እስከማይቀርበት የደረቀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሰጂ፤ አንዱ 15 ኪሎ ያህል ሽምብራ ይይዛል፣ ስለዚህ ሁለት ይበቃሻል። እየነቀነቅሽ እስከ አፉ ሙዪው፣ ባዶ ቦታ አይኑር፣ ክዳኑ ሥር ቁራጭ ላስቲክ አድርገሽ አጥብቂው። የተረፈ ነቀዝ ቢኖር ውስጥ ያለችውን ጥቂት አየር ጨርሶ ይታፈናል። በየሳምንቱ ከከፈትሽው ግን አየር እየመገብሽው ነው፤ ስለዚህ አንዱን ለወጥ ክፈቺ፣ ሌላውን እርሺው።

ገመዱ፦

ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሱቅ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሁለት ፍሬ ጨርቅ ላይ ጠቅልለሽ ጆንያው ውስጥ ጣዪና ተገላገዪ።

ጎተራ፦

ወንድሜ፣ በሰው መኝታ ክፍል? ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነቀዙንም የተኛውንም ሰው አይለይም፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በጨርቅ መጠቅለል ምንም አይከለክልም። እሱ ሰው ለማያድርበት፣ ታሽጎ በኋላ ለሚናፈስ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ የሚገባ ነው። እህቴ፣ ማንም ቢመክርሽ ቤትሽ አታስገቢው።

የሮቢቷ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ደጋና ቆላ አንድ አይደለም። እኛ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የሽምብራ ነቀዝ በወር ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ፣ እንቁላል ይጥላል። እናንተ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁና ብርዱ ራሱ ያንቀራፍፈዋል። ስለዚህ ሽምብራውን ማዕድ ቤት፣ ከምድጃው ጎን አታስቀምጪ፤ ለነቀዙ ሮቢትን ወደ ደብረ ብርሃን ማምጣት ነው። ከቆላ የተገዛ እህልም ነቀዙን ይዞ ይመጣል፤ መጀመሪያ ለብቻው ይቀመጥ። ጤፉ አያስጨንቅሽ፤ ፍሬው ለነቀዝ መኖሪያ አይበቃም። ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው።

ዘነዘና፦

ዘይቱ አልተበላሸም። የረጋው የፓልም ዘይት ስለሆነ ነው፣ በእናንተ ብርድ መርጋቱ ተፈጥሮው ነው። የሱፍ ዘይት እንዲህ አይሆንም። ጀሪካኑን እሳት ዳር አታስጠጊ፤ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁሚው፣ ሲሟሟ ወዝውዢው። ከላይ የቀለጠውን ብቻ እየቀዳሽ ከተጠቀምሽ ታች የሚቀርልሽ ወፍራሙ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይረጋል። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ወደ ባለ 2 ሊትር ዕቃ እየገለበጥሽ ተጠቀሚ፣ ትልቁ ጨለማ ቦታ ተከድኖ ይቀመጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በትንሿ ጠርሙስ አሮጌው ዘይት ሳያልቅ አዲሱን ይጨምርበታል። ያረጀው ዘይት አዲሱንም ያበላሸዋል። ጠርሙሱ ያልቅ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይሞላ። ነጭ ጋዝ የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለዘይት አይሆንም።

ስኳር በእርጥበት ይጠጥራል እንጂ አይበላሽም። ጆንያው ውስጥ እንዳለ በዘነዘና ቀጥቅጪው፣ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ በርሜል አስገቢው። ከሰኔ እስከ መስከረም በርሜሉ በየቀኑ አይከፈት፤ የሳምንቱን በጣሳ አውጥተሽ በትንሽ ዕቃ ያዢ። በርሜል ስትገዢ ምን እንደነበረበት ጠይቂ፤ የቀለም ወይም የኬሚካል ከሆነ ይቅርብሽ።

ዱቄቱን በንጹሕ አንሶላ ላይ አስጥተሽ ሳሙና በሌለበት ቦታ ሁለት ቀን አናፍሺው። ከዚያ አንዲት ቂጣ ጋግረሽ ቅመሺ። ሽታው ቂጣው ላይ ከቀረ አይለቅም፣ አትድከሚ። ሳሙናውን ግን ከካርቶኑ አውጪና በረንዳ ላይ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ አነባብረሽ ሁለት ሳምንት አድርቂው፤ የደረቀ ሳሙና ውሃ ላይ ቶሎ አይሟሟም፣ ያው አንዱ ፍሬ ረዥም ጊዜ ይቆይልሻል። ሲደርቅ በላስቲክ አሽገሽ ከምግቡ በተቃራኒ ጥግ።

በርበሬው ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ጣዪው። ማመስም ማብሰልም የሻጋታውን መርዝ አያጠፋም። ከአሁን በኋላ ግማሹን በዛላው አቆይተሽ በየጊዜው ብታስፈጪ ቀለሙም አይጠፋም።

ደብረብርሃንዋ፦

ተባረኩ። ጋሽ ዘነዘና፣ ጤፉን በአንዴ ላስፈጨውና ቦታ ልቆጥብ? አልጋ ሥርስ እንዴት ላድርገው፣ ወለሉ ይረጥባል።

ዘነዘና፦

በአንዴ እንዳታስፈጪ። ቦታም አይቆጥብም፤ ዱቄት ከፍሬው ይበልጥ ይነፋል። ፍሬው ወራት የሚጠብቅሽን ያህል ዱቄቱ አይጠብቅም፣ እርጥበት ሲገባው ይመርራል። የሦስት ሳምንቱን ያህል ብቻ አስፈጪ። ከወፍጮ ቤት ሲመጣ ትኩስ ስለሆነ ወዲያው ቋጥረሽ አታስቀምጪ፤ ታፍኖ ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ይሻግታል። አፉን ከፍተሽ በነጠላ ሸፍነሽ ይደር፣ ጠዋት ይታሰር።

ለአልጋው አራት ብሎኬት ግዢ። ቁመቱ 20 ሴንቲ የሆነው ይበቃል፤ አልጋ ሥር የነበረው 25 ሴንቲ ወደ 45 ይወጣል። ብሎኬቱ ክፍት ነውና የአልጋው እግር ቀዳዳው ውስጥ እንዳይሰምጥ ወይም ጠርዙን እንዳይሰብረው፣ በላዩ ጠፍጣፋ የጣውላ ቁራጭ አድርጊ። ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት የባህር ዛፍ አጣና አጋድመሽ ጣውላ አንጥፊበት፤ ጆንያ በቀጥታ መሬት ከነካ ከሥሩ ይሻግታል፣ የምታዪው ደግሞ ከወር በኋላ ስታነሺው ነው። ሁለቱ የ50 ኪሎ የጤፍ ጆንያ ተኝተው፣ ጀሪካኖቹ ቆመው። ጀሪካን ከተኛ ክዳኑ ያንጠባጥባል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግድግዳው ሌሊት ያልበዋል።

መደርደሪያ በጭቃ ግድግዳ ላይ በምስማር አትስቀዪ፤ ምስማሩ ማገሩን ካላገኘ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። እግሩ ወለል ላይ የሚቆም ይሁን፣ ለሚዛን ብቻ ከግድግዳው ምሰሶ ጋር ይታሰር። ከባዱ ታች፣ በርበሬና ሽሮ ላይ።

የሮቢቷ፦

አይጥን አትርሺ። ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያህል ቀዳዳ ትገባለች። የወለሉንና የግድግዳውን ስንጥቅ በድስት ማሻ ሽቦ ጠቅጥቀሽ በጭቃ ምረጊበት፤ ጨርቅ ብትጠቀጥቂ ትበላዋለች። ዱቄት ባለበት ክፍል የአይጥ መርዝ አይሁን፣ ወጥመድ ይሻላል።

ጎተራ፦

ስለ ተራው ጠይቀሽ ነበር። በግምት አትወስኚ፣ ለኪ። አዲስ ዕቃ ስትከፍቺ ቀኑን በማርከር ጻፊበት፣ ሲያልቅ ቁጠሪ። ባለ 5 ሊትሩ ዘይት 20 ቀን የሚያቆያችሁ ከሆነ ያለሽ 40 ሊትር የ160 ቀን ነው። በዚህ ላይ ሌላ 5 ሊትር መጨመር ተራ ማዳን ሳይሆን ዘይት ማስረጀት ነው። ሽሮው ግን ብዙ አይደለም፦ በሁዳዴ በቀን 300 ግራም ከወጣ 55ቱ ቀን ብቻውን 16 ኪሎ ተኩል ይጨርሳል። ስለዚህ ያን ሽምብራ ቸኩለሽ አትሽጪው፣ ጾሙ ሳይገባ ለቀጣዩ ሽሮ ይሆናል።

ስኳርና ሳሙና በኩፖን ከመጣ ውሰጂ፣ ይቆያሉ። ዘይት ከመጣ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሪ፦ በዚህ ዙር የአንቺን እሷ በገዛሽበት ዋጋ ትውሰድ፣ በሚቀጥለው የእሷን አንቺ። ያልተከፈተውን ብቻ ተለዋወጡ፣ የተከፈተ ዘይት ላይ ነገር ይመጣል። ኩፖኑን ራሱን በላስቲክ አድርገሽ በር ላይ ስቀዪው፣ የሚያልፍበትን ቀን በትልቁ ጽፈሽበት፤ ጆንያ ሥር ገብቶ የሚጠፋ እሱ ነው።

ደብረብርሃንዋ፦

ሽምብራው ነገ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሰማዩ ጠርቷል፣ ጥቁሩን ላስቲክ ግን ገና ልፈልግ ነው።

ጎተራ፦

አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ገልብጠሽ እንዳታነጥፊ ብቻ። ጥቁር ላስቲክ ከጠፋ ጥቁር ንጹሕ ጨርቅም ይሠራል፣ ላይኛው ሽፋን ግን የግድ ላስቲክ ይሁን።