«ማተብሽን ካላወለቅሽ ደሞዝ የለሽም» ተብያለሁ፤ ምን ላድርግ?

የመንዝ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለናንተ ይሁን። ሪያድ ከገባሁ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ፤ ኮንትራቴ ሁለት ዓመት ነው። ሥራው ይከብዳል እንጂ እስካሁን ክፉ ነገር አልገጠመኝም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ምንጣፍ ላጥብ ጎንበስ ስል ማተቤ ከልብሴ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ማዳም አየችውና ይዛ ጎተተችው። ክሩ አልተበጠሰም፤ አንገቴን ግን ላጠኝ። «እስከ ወሩ መጨረሻ አውልቂው። እምቢ ካልሽ ደሞዝ የለሽም፣ ወደ ቢሮ እመልስሻለሁ» አለችኝ። የሦስት ወር ደሞዜ እሷ ጋ ነው፤ ፓስፖርቴም።

ከቤት የወጣሁ ዕለት የድሮው ክር ሳስቶ ነበርና እናቴ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ጥቁር ክር ገምዳ አሰረችልኝ። ስታስር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ልቤ እምቢ ይላል፤ ታናሽ ወንድሜ ግን የሚማረው በእኔ ነው። አውልቄ ሻንጣዬ ውስጥ ባስቀምጠው ክጃለሁ ማለት ነው? ፈርቻለሁ። ማታ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ከቤይሩት ተመላሽ
አይዞሽ የኔ እህት። እኔም እንዲህ ያለ ቤት አራት ዓመት ኖሬያለሁ። እሷ በተቆጣችበት ሰዓት መልስ አትስጪያት፤ ረጋ ስትል ጠብቂና ተናገሪ። አንገቱ የተዘጋ ልብስ ልበሺ። የፓስፖርትሽንና የኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ፎቶ ስልክሽ ላይ ካለሽ ለእናትሽም ላኪላት። የኤምባሲውን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ስልክሽን ብትነጥቅሽ ወረቀቱ ይቀርልሻል።

ዲያቆን
እህቴ፣ ማተብ በክርስትናሽ ዕለት በሰማንያ ቀንሽ የታሰረልሽ ምልክት ነው። በልብስ ብትሸፍኚው ክህደት አይደለም። ተገድደሽ ብታወልቂውም ጥምቀትሽን የሚያጥብ የለም። ሠለስቱ ደቂቅ እቶኑ ፊት ቆመው «ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም» ነው ያሉት፤ ለመዳን ዋስትና አልጠየቁም።

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉት አርበኞችን አላወግዝም፣ ለጣሊያን ተገዙ አልልም ብለው ነው። እሳቸው ጳጳስ ነበሩ፤ አንዲት ቃላቸው የብዙ ሰው ልብ ትሰብር ነበር። አንቺ ላይ ያን ያህል ሸክም የጫነ የለም። እንደ እሳቸው ካልሞትኩ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። ማውለቅ አልችልም ማለት ከቻልሽ በይ። ካቃተሽም በአንቺ ላይ የሚፈርድ ሰው እዚያ ወጥ ቤት አልቆመም።

የደሴ ልጅ፣ ጅዳ
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ያደረገችሽን ሳነብ አፈርኩ። በራሷ መጽሐፍ መልሺላት፦ «ላ ኢክራሃ ፊ ዲን»፣ በሃይማኖት ማስገደድ የለም፣ ቁርኣን፣ አል በቀራ 256። የነቢዩ ተከታዮች መካ ላይ መከራ ሲበዛባቸው የተሰደዱት ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ ወደ ነጃሺ ነው። ያሳደዷቸው የመካ ሰዎች፣ ቁረይሾች፣ ስጦታ ይዘው «አሳልፈህ ስጠን» ብለው ቢመጡም እምቢ አላቸው። ይህን ብዙ ዐረብ ያውቀዋል። እኛ ወሎ ውስጥ ለፋሲካ የክርስቲያን ጎረቤት ለእኛ የሚሆን በግ ለይቶ በሙስሊም ያሳርድልን ነበር። ንገሪያት፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ግን ዓይኗን እያየሽ።

የመንዝ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ልብስ ስተኩስ መጣች። ካውያውን አስቀመጥኩና «ማዳም፣ ሥራዬን አላጓደልኩም፤ ይሄን ግን ማውለቅ አልችልም» አልኳት። የደሴዋ እህቴ ያስተማረችኝንም ቃል በዐረብኛው አልኩት። ጉልበቴ ይብረከረክ ነበር፣ ድምፄ ግን አልተቆረጠም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። «ሸሚዙ እንዳይቃጠል» ብላኝ ወጣች።

ደሞዜን ገና አልሰጠችኝም። ክሩ አንገቴ ላይ ነው፤ የተላጠው ቦታ ቫዝሊን ቀብቼበታለሁ። ነገ እንግዳ አለባት፣ ሳምቡሳ ልጠቀልል ነው።