የዘጌዋ ጦጣ፣ የእኛ ደቦ እና "ተፈጥሮ ነው" የሚባለው ነገር

ጣናዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ሄድን። ወደ ገዳሙ በሚወስደው የቡና ጫካ ጦጣዎች መሬት ላይ ፍሬ ይለቅማሉ። ድንገት አንዷ ከቅርንጫፍ ላይ ጮኸች። የቀሩት ባንዴ ቁጥቋጦ ውስጥ ጥልቅ አሉ። ቀና ስል ንስር ያንዣብባል። እሷ ግን ልጇ ሆዷ ላይ እንደተለጠፈ እዚያው ሆና ትጮሃለች፤ ዝም ብትል እኮ የሚያያት አልነበረም።

አብሮን የነበረ ጓደኛችን "ለዘመዶቿ ነው፣ የዘረመል ጉዳይ ነው" አለ። ደስ አለኝ። ስንመለስ ግን ወሬው ወደ ሰው ዞረና "ወንድ የሚማግጠውም፣ ሴት ቤት የምትውለውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሳይንስ ጨርሶታል" ብሎ አረፈ። መልስ አጣሁ፤ እስከ ዛሬ ከንክኖኛል። እውነት ጨርሶታል?

የባዮሎጂ መምህር፦
እህቴ፣ ጓደኛሽ ግማሹን ልክ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1964 እንግሊዛዊው የባዮሎጂ ተመራማሪ ዊልያም ሃሚልተን ነገሩን በሒሳብ አስቀመጠው። ወንድምሽ የዘረመልሽን ግማሽ ይጋራሻል፣ የአጎትሽ ልጅ አንድ ስምንተኛውን። ራስን የሚጎዳ ባህሪ ለዘመድ የሚያስገኘው ጥቅም በዝምድናው ልክ ተባዝቶ ከጉዳቱ ከበለጠ፣ ከትውልድ ትውልድ ሊስፋፋ ይችላል። ጦጣዋ ይህን አታሰላም። ልጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ትጮሃለች፣ በቃ። ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ሮበርት ሴይፋርትና ዶሮቲ ቼኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች የተቀዳ ድምፅ ለጦጣዎች ሲያሰሙ፣ ለነብር የሚጮኸውን ሲሰሙ ዛፍ ወጡ፣ የንስሩን ሲሰሙ ሽቅብ አዩ፣ የእባቡን ሲሰሙ መሬት መሬቱን አዩ።

ሰው ላይ ሲደረስ ነው ጠቡ የሚጀምረው። የሃርቫርዱ የባዮሎጂ ምሁር ኤድዋርድ ዊልሰን በ1975 ስለ እንስሳት ማኅበራዊ ኑሮ ሲጽፍ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለሰው ሰጠ። እዚያው ሃርቫርድ የነበሩት ስቲቨን ጄይ ጉልድና ሪቻርድ ሌዎንቲን ተነሱበት። በ1978 ዋሽንግተን ስብሰባ ላይ ተቃዋሚዎች ራሱ ላይ ውኃ አፈሰሱበት፤ ይሄ ነውር ነው። የጉልድና የሌዎንቲን ክርክር ግን ቁም ነገር ነበረው፦ ያየነው ባህሪ ሁሉ ለጥቅም ተመርጦ የመጣ አይደለም፣ ያማረ ተረትም ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ወንድ መማገጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አንገስ ቤትማን በ1948 በፍራፍሬ ዝንብ የሠራው ሙከራ ነው፤ ወንዱ ከብዙ ሴት ጋር በተዳቀለ ቁጥር ልጁ ይበዛል፣ ሴቷ ግን ያን ያህል አትጠቀምም የሚል። በ2012 ፓትሪሺያ ጎዋቲና ባልደረቦቿ ሲደግሙት ዘዴው ራሱ ችግር ያለበት ሆኖ አገኙት። በዝንብ አሳቦ የባሕር ዳርን ሴት ቤት አስቀምጦ ሳይንስ ነው ማለት ግፍ ነው።

ባለቀፎ፦
ከሜጫ ነኝ፣ ስለ ንብ ልጨምር። ሠራተኛዋ ሰው ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፣ ሆዷ ተቀዶ ትሞታለች። ልጅ የላትም፣ የምትሞተው ለእናቷ ልጆች ነው። አውራዋ ከአንድ ድንጉላ ብቻ ብትዳቀል እህትማማቾቹ የዘረመላቸውን ሦስት አራተኛ ይጋራሉ፣ ለዚህ ነው ይባል ነበር። የማር ንብ አውራ ግን ከአሥር በላይ ከሆኑ ድንጉላዎች ጋር ትዳቀላለች። ዝምድናው ይቀንሳል፣ እነሱ ግን ያው ይሞታሉ። መምህሩ ያሉት ሒሳብ ዝምድናን ብቻ ሳይሆን ጥቅምና ጉዳትንም ቁጠሩ ይላል፤ ሰው ይህችን ይዘላታል።

የአቸፈር ልጅ፦
የኔ ጥያቄ ደቦ ላይ ነው። በ1971 አሜሪካዊው የባዮሎጂ ተመራማሪ ሮበርት ትሪቨርስ ዘመድ ያልሆኑ እንስሳት የሚረዳዱት ብድር ስለሚመላለሱ ሊሆን ይችላል ብሏል። ይሄ ወንፈል ነው። አንድ ቀን ካረምክልኝ አንድ ቀን አርምልሃለሁ፣ የቀረ ይታወቃል። አባቴ የሞተ ዓመት ግን ጤፋችን ሳይታጨድ ቆሞ ነበር። ጠዋት በር ስከፍት አሥራ ምናምን ሰው ማጭዱን ይዞ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሏል። እናቴ ጠላ እንኳ አልጠመቀችም፤ በቆሎ ቆልታ ሰጠቻቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ብድራቸውን እስክንመልስ እንደማይቆዩ ያውቃሉ። "ለስም ነው" ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ባይመጡስ "ራስ ወዳድነት ተፈጥሮ ነው" ይባል ነበር አይደል? ሲመጡም ሲቀሩም የሚያስረዳ ሐሳብ፣ ምን ቢታይ ነው ተሳስቷል የሚባለው?

የባዮሎጂ መምህር፦
ወንድሜ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ግምቱ ቀድሞ መነገር አለበት። ለስም ከሆነ ሰው በሚያይበት ቀን የሚመጣው ይበዛል፣ ማንም በማያይበት ያንሳል። ይሄ ይቆጠራል። ሳይቆጥር "ተፈጥሮ ነው" የሚልህን አትቀበለው።

ጣናዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። የዝንቡን ነገር ለጓደኛችን ልኬለታለሁ፣ ቅዳሜ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን ብሏል። የአቸፈር ልጅ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ።