የመጀመሪያ ሞተር፦ ኒንጃ 400 ወይስ ያገለገለ ባለ 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ እያለሁ ለዓመታት ባጃጅ ቦክሰር 150 ነድቻለሁ። እዚህ ደግሞ የሞተር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ትምህርት ተመዝግቤአለሁ። ዓይኔ ሁለት ሞተሮች ላይ አርፏል፤ አንዱ ካዋሳኪ ኒንጃ 400፣ ሌላው ያገለገለ ሆንዳ ሲቢአር 600 አርአር። ሁለተኛው አሮጌ ስለሆነ ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ሥራ የምመላለሰው በ495 አውራ ጎዳና ነው፤ ኒንጃው በከባድ መኪኖች መካከል አቅም እንዳያንሰው እሰጋለሁ። ጓደኞቼም «ትንሹን ከገዛህ ቶሎ ይሰለችሃል» ይሉኛል። ቁመቴ 1.70 ሜትር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ሞተር ጠጋኝ፣ ቨርጂኒያ)
ወንድሜ፣ ኒንጃውን ግዛ። ቦክሰርህ 12 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኒንጃ 400 ወደ 45 ይደርሳል፣ ሲቢአሩ ደግሞ ከ110 ያልፋል። «ትንሽ» የተባለው እንኳ ከምታውቀው አራት እጥፍ ሊጠጋ ነው። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ስለሚሄድ 495 ላይ የሚያሳፍርህ ነገር የለም።

ከፍጥነቱ ይልቅ ጉልበቱ እንዴት እንደሚመጣ ነው ማየት ያለብህ። ባለ አራት ሲሊንደሩ 600 በዝቅተኛ ዙር ጨዋ ነው፤ ከተማ ውስጥ ስትነዳው የለመድከው ይመስልሃል። በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ሲጠጋ ግን ሌላ ሞተር ይሆናል። ኒንጃው ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው፤ ጉልበቱን ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚሰጥ እጅህ ቢሳሳት እንኳ ለማረም ጊዜ ታገኛለህ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። ቦክሰር የፊት ፍሬኑ ባለ ከበሮ ስለሆነ በሙሉ መዳፍ አጥብቀህ ካልጨበጥከው አይቆምም፤ እጅህም ይህንኑ ለምዷል። ሲቢአሩ ከፊት ሁለት ዲስክ ያለው፣ በሁለት ጣት የሚቆም ሞተር ነው። መኪና ድንገት ቢገባብህና እንደ ቦክሰሩ ብትጨብጠው የፊት ጎማው ይቆለፋል፤ ያን ጊዜ መሬት ላይ ነህ። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዛ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን አጥብቀህ ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት ያለውን ምረጥ። አሮጌ 600ዎች ላይ ብዙ ጊዜ አታገኘውም።

መልስ (ከፍራንክፈርት)
እኛ ጋ ይህን ምርጫ ሕጉ ራሱ ይወስነዋል። በአውሮፓ ኅብረት 18 ዓመት የሞላው ሰው ኤ2 በሚባለው ምድብ የሚነዳው ከ35 ኪሎዋት፣ ማለትም ከ48 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያልበለጠ ሞተር ብቻ ነው። ሙሉውን ፈቃድ የሚያገኘው በዚያ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው፤ በቀጥታ ልውሰድ ካለ 24 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ኒንጃ 400 በዚህ ገደብ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ግን የ600 ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን ስለሚሰጥህ ገደቡን ለራስህ የምታበጀው አንተ ነህ። እዚያው አሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ የሱፐርስፖርት (እንደ ሲቢአሩ ያሉ ሞተሮች) ነጂዎች የሞት መጠን ከሌሎች ሞተሮች ነጂዎች አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እባክህ ይህን ለጓደኞችህም ንገራቸው።

መልስ (ከዳላስ)
የግዢ ዋጋቸው ተቀራራቢ መሆኑ አያታልልህ፣ ወንድሜ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የሁለቱንም የሻንሲ ቁጥር ይዘህ ኢንሹራንስ ጠይቅ፤ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ። የ600ው የኋላ ጎማ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ሲቀየርም ውድ ነው። እኔ አጭር ነኝ፤ የኒንጃው መቀመጫ 785 ሚሊሜትር ስለሆነ መብራት ላይ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነካሉ። የሲቢአሩ 820 ነው፤ ክብደቱም ይበልጣል፣ መሪውም ዝቅ ያለ ስለሆነ በመኪና ሰልፍ ውስጥ የእጅ አንጓ ያደክማል።

መልስ (ከአትላንታ)
እኔ በከፊል አልስማማም። ጠያቂያችን ማርሽና ፍሪሲዮን የሚያውቅ ሰው ነው። መካከለኛ መንገድ አለ፤ ኒንጃ 650 ወይም ያማሃ አር7። ሁለቱም ባለ ሁለት ሲሊንደር ናቸው፣ ጉልበታቸውም 70 አካባቢ ነው። ሰው አሳፍሮ ለመሄድም ከ400ው ይሻላሉ።

ሞተር ጠጋኙ
ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ኒንጃ 650 ከሲቢአሩ እጅግ ይሻላል። ሆኖም አንድ ዓመት በ400ው ነድቶ ሲሸጠው ብዙ አይከስርም፤ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ በእኔ በኩል ምክሬን አልቀይርም።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍሬኑን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ኒንጃ 400 እንዲሆን ወስኛለሁ። የ2019 ስሪት፣ ኤቢኤስ ያለው አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ «ወድቆ አያውቅም» ይላል። ሳየው ምን ልመርምር?

ሞተር ጠጋኙ
ቀን በብርሃን ሂድ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቅህ ቀድመህ ንገረው፤ ስትደርስ ከሞቀ ማለዳ እንዴት እንደሚነሣ አታውቅም። የመሪውን ጫፎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎችን፣ የእግር መርገጫውን ጫፍ ተመልከት። በአንድ ወገን ብቻ ጭረት ካለ በዚያ በኩል ወድቋል፤ ሁሉም በቅርቡ የተቀየሩ አዲስ ከሆኑም ለምን እንደተቀየሩ ጠይቅ። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ፣ ከፍሬሙ ጋር የሚጋጭበትን የብረት ማቆሚያ በእጅ ባትሪ አብራበት። እዚያ የተጨፈለቀ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካየህ ከባድ አደጋ ደርሶበታልና ትተኸው ተመለስ። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በመሪው አንገት ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ታገኛለህ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ያንን ያህል ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ በዝናብም ያንሸራትታል፤ የአዲስ ጥንድ ጎማ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ አስቀንስ።