ስፔን፣ ኡቤዳ ለረዳት መምህርነት ልሄድ ነው፤ ስለ ገንዘብ፣ ቪዛና ጾም ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ (ከሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው። የስፔን መንግሥት ለአሜሪካና ለካናዳ ዜጎች ባዘጋጀው የእንግሊዝኛ ረዳት መምህራን ፕሮግራም አልፌ፣ ደቡብ ስፔን ኡቤዳ ከተማ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤያለሁ። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ በሳምንት 14 ሰዓት፣ በወር 800 ዩሮ። ምን ያህል ገንዘብ ልያዝ? ቪዛው ከየት ይጀመራል? አስተምሬ ስለማላውቅ ክፍሉም ያስፈራኛል። እናቴ ደግሞ ያስጨነቃት ጾሜ ነው።

የግራናዳዋ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! 800 ዩሮ ኡቤዳ ላይ፣ ከሰው ጋር ቤት ከተጋራሽ ያኖርሻል። የሚያስቸግረው መቼ እንደሚገባ ነው። እኔ የነበርኩበት ትምህርት ቤት የኦክቶበሩን የከፈለኝ ዲሴምበር ላይ ነው፤ ያውም ስንቴ ጠይቄ። ስለዚህ የቤት ማስያዣና የሦስት ወር ወጪ ይዘሽ ሂጂ። ቤቱን በዓይንሽ ሳታዪ ከአሜሪካ ሆነሽ ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ርካሽ ማረፊያ ያዢና መምህራኑን ጠይቂ፣ ቤት የሚያከራይ ዘመድ የሌለው የለም።

ደቡብ ነው ብለሽ ደግሞ በቀጭን ልብስ እንዳትሄጂ። ብዙ ቤት ማሞቂያ ስለሌለው ጃንዋሪ ላይ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ ይበርዳል። ሰዉ ብራሴሮ የሚባል ማሞቂያ ጠረጴዛ ሥር አድርጎ፣ ወፍራም ጨርቅ አልብሶት፣ እግሩን እዚያ ውስጥ ከትቶ ያመሻል።

ወረቀት የሰለቸው፦ ዛሬውኑ ለኤፍ ቢ አይ የወንጀል ነጻ ማስረጃ አሻራሽን ስጪ፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ማስረጃው የፌዴራል ሰነድ ስለሆነ አፖስቲሉን (ሰነዱ ውጭ አገር እንዲታወቅ የሚደረግለትን ማረጋገጫ) የሚሰጥሽ ዋሽንግተን ያለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሜሪላንድ ማኅተም አይሠራም፣ ብዙ ሰው የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በስፔን መንግሥት በታወቀ ተርጓሚ ይተርጎም፣ የሐኪም ማስረጃ ይጨመር፣ ማመልከቻሽን የሚያየው ዋሽንግተን ያለው የስፔን ቆንስላ ነው። እዚያ ስትደርሺ በማዘጋጃ ቤት ነዋሪነትሽን አስመዝግቢና በአንድ ወር ውስጥ የመኖሪያ መታወቂያሽን ጀምሪ። የፖሊስ ቀጠሮ እንደ ልብ አይገኝም፤ በሌሊትም ቢሆን ድረ ገጹን ፈትሺ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ይችላል?

ወረቀት የሰለቸው፦ አይችልም። ዜግነት ግድ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ አትፍሪ። ክፍሉን የሚይዘው ዋናው መምህር ነው፤ ረዳት ብቻዋን ከልጆች ጋር መተው የለባትም፣ ጥለውሽ ከወጡ በትሕትና ተናገሪ። ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ልምከርሽ፦ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በፊደላችን ጽፈሽ ስጪው። ከዚያ የአሥራ ሦስት ወር ዘመን አቆጣጠራችንን በእንግሊዝኛ አስረጂያቸው፤ ጥያቄው ራሱ ትምህርት ይሆንልሻል። ጸጉርሽን ልንካ የሚል አይጠፋም፤ ካልወደድሽ በፈገግታ «አይሆንም» በይ፣ ይበቃል። በስምሽ ብቻ ቢጠሩሽ ደግሞ ንቀት አይምሰልሽ፣ ርእሰ መምህሩንም እንደዚያው ነው የሚጠሩት።

የግራናዳዋ፦ ጾሙን ረስቼው! የስፔን ምሳ በኛ አቆጣጠር ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ለሚጾም ሰው የተመቸ አገር ነው፣ ለእናትሽ ይህን ንገሪያት። ግን ተጠንቀቂ፤ የምስር ወጥ የሚመስለው ምግባቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ አለበት፣ ሰላጣው ላይም ቱና ይነሰነሳል። ሳይጠይቁ ማዘዝ የለም። የተጠበሰ ዳቦ በተፈጨ ቲማቲምና በወይራ ዘይት ግን ሁሉም ቡና ቤት አለ፤ አካባቢው የወይራ አገር ስለሆነ ዘይቱ ሌላ ነው። የጤፍ ዱቄት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የሌለው ምግብ ከሚሸጡ ሱቆች ፈልጊ፤ ውድ ነው።

መንገደኛው፦ ኡቤዳ ባቡር አይገባም። ቅርቡ ጣቢያ ሊናሬስ ባኤሳ የሚባለው ነው፣ ከዚያ አውቶቡስ ትይዢያለሽ። ሻንጣ ከበዛብሽ ግን ከማድሪድ የደቡብ አውቶቡስ ጣቢያ በቀጥታ የሚሄደውን ያዢ።