ሚዛን ላጎደለ ሰውም ምሕረት በነጻ ነውን?

ጥያቄ (ከጅማ)፦ በሕርማታ ገበያ ቡና የሚነግድ ጎረቤቴ፣ ለዓመታት በገበሬዎች ላይ ሚዛን ሲያጎድል ከኖረ በኋላ አሁን ልቡ ቢመለስም፣ «እንደ እኔ ያለውን እግዚአብሔር አይቀበልም» እያለ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሞ ይመለሳል። ወገኖቼ፣ ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጸጋው የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ ከሥራ እንዳልሆነ በኤፌሶን 2፥8-9 ተጽፏልና፣ ከጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ የሚያቀርበው አንዳች በጎ ሥራ ሳይኖረው በዚያው ዕለት ገነት እንደ ተሰጠው ይንገሩት። ለእርሱ ያልተዘጋ ደጅ ለጎረቤትዎ አይዘጋም።

ሌላ መልስ፦ እውነት ነው፤ የቀረጥ ሰብሳቢዎች አለቃ የነበረውን ዘኬዎስንም ያስታውሱት። ጌታ ወደ ቤቱ የመጣው ገና አንዳች ሳይመልስ ነበር፤ በግፍ የወሰድሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከተቀበለው በኋላ ነው። ጎረቤትዎም ገበሬዎቹን ፈልጎ ይካስ፤ ንስሐውን ግን እስከዚያ አያቆየው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እሑድ አብሬው እገባለሁ።