ፋይል ላይ የሚለጠፍ የመብት ምልክት፦ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ እንዴት ዋላችሁ። ለማህበራችን ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ባለፈው ሐይቁ ዳር ሻይ ቤት ተሰብስበን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፋይል እንዳይቀዳ ስለ መቆለፍ ብቻ ተጨቃጭቀን ተበተንን፣ እኔ ማታ ሳስበው ግን የተጨቃጨቅንበት ነገርና የቸገረን ነገር አንድ አይደለም። ቁልፍ ሌላ ምልክት ሌላ። ቁልፍ እምቢ ማለት ብቻ ነው ሚያውቀው፣ ምን እንደተፈቀደልህ አይነግርህም። የራሴን ላውራችሁ፣ አምና አንድ የባህል ምሽት ቅጂ ከፍዬ ስልኬ ላይ ገዛሁ፣ ስልኩ ከባጃጅ ስወርድ ወደቀና ተሰበረ፣ አዲሱ ላይ ልክፈተው ስል «አይቻልም» ብቻ። የገዛሁት ለአንድ ስልክ ነበር? ብደውል ይፈታልኛል? ለእናቴ ባሳያት ጥፋት ነው? ምንም ሚል የለም፣ ጥቁር ስክሪን። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ በፍላሽ አምጥቶ ገለበጠልኝ፣ ማለትም ከፍዬ ያጣሁትን በነፃ አገኘሁት። ስለዚ እኔ ምለው ሚቆልፍም ይቆልፍ ማይቆልፍም ይተው፣ ግን ከማህበራችን ሚወጣ ፋይል ሁሉ ምን እንደሚፈቅድ በአጭሩ ይናገር። እንዴት ይናገር? እሱን ነው ምንነጋገረው።

ባለሙዚቃ ቤት፦ በመጀመሪያ የኛን ነገር እወቁልኝ። ሰውዬው ሚሞሪ ይዞ ይመጣል፣ «ሙላልኝ የሰርግም የባህልም አድርግበት» ይላል፣ ከኋላው ሦስት ሰው ቆሟል። 300 ፋይል ስገለብጥ የቱ የተፈቀደ የቱ ያልተፈቀደ እንደሆነ በምን ልወቅ? ወረቀት አንብብ ካላችሁኝ አላነብም፣ አልዋሻችሁም። እኔ ማየው የፋይሉን ስም ነው፣ እሱም ግማሹን።

የፖሊው ልጅ፦ ሚገርማችሁ ምልክቱ እኮ ኤምፒ3 ውስጥ ድሮም አለ 😄 ኤምፒ3 በትናንሽ ቁራጭ የተሰራ ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ራስጌው ላይ 4 ባይት አለው (ባይት ማለት 8 ቢት፣ ቢት ደግሞ 0 ወይ 1 ብቻ ምትይዝ ትንሿ መረጃ)፣ እዛ ውስጥ አንዷ ቢት «ኮፒራይት አለው» ሌላዋ ደግሞ «ይሄ ዋናው ነው ወይስ ቅጂ» ለማለት የተቀመጡ ናቸው። በተለመደው የዘፈን ጥራት በሰከንድ 38 ቁራጭ ገደማ ያልፋል፣ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ማለት መብት አለኝ ብሎ ወደ 6,900 ጊዜ ይጮሃል ማለት ነው። ሰሚ ግን የለውም! ማጫወቻዎቹ አያሳዩትም፣ ገልባጭ ፕሮግራሙም አይቶት አያውቅም። ስለዚ ምልክት ማስገባቱ ቀላል ነው፣ ችግሩ ማን ያየዋል ነው።

ደግሞ እንደኛ ያሰቡ ሰዎች ከኛ በፊት ሞክረውታል። በዳትና በሚኒዲስክ (የድሮ ዲጂታል ድምፅ መቅጃዎች) ጊዜ ከዋናው አንድ ዲጂታል ቅጂ ይፈቀዳል፣ ቅጂው ላይ ምልክቱ ይቀየርና ከቅጂው ሌላ ቅጂ አይወጣም፣ አሜሪካኖች በ1992 (በፈረንጅ) በህግም አስገቡት። ለቪዲዮም እንዲሁ ሁለት ቢት ብቻ ነበረች፣ በነፃ ቅዳ፣ አንዴ ቅዳ፣ ከዚህ በኋላ አትቅዳ፣ ጭራሽ አትቅዳ። ሁለት ቢት አራት ነገር ይናገራል፣ ከዛ በላይ አላስፈለጋቸውም። እኛ ባለፈው ስንት አማራጭ ነበር የጻፍነው? 11 😂

የቪዲዮዋ፦ 11 የሆነው እኮ አንተ ራስህ ስትጨምር ስትጨምር ነው። ግን ሚገባኝ አንድ ነገር አለ፣ «አንዴ ቅዳ» ሚለው ለኛ ይሰራል ወይ? እኔ የሰርግ ቪዲዮ ለሙሽሮቹ በፍላሽ እሰጣለሁ፣ እነሱ ለአክስት ላኩ፣ አክስት ለቴሌግራም ግሩፕ፣ የቱ ነው አንደኛው ቅጂ? ማን ይቆጥራል?

የፖሊው ልጅ፦ ማንም። ሚኒዲስኩ ራሱ መሳሪያው ነበር ሚቀይረው፣ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ስትገለብጪ ግን ሚቀየር ነገር የለም፣ ቅጂውና ዋናው መንታ ናቸው። መሳሪያ ሁሉ ይታዘዝ ማለትም አያዋጣም፣ አሜሪካ ውስጥ ለዲጂታል ቲቪ እንዲ አይነት ምልክት በ2003 (በፈረንጅ) ተወስኖ ነበር፣ ማንኛውም ተቀባይ መሳሪያ እንዲያከብረው፣ በ2005 ፍርድ ቤት የወሰነው መስሪያ ቤት ይሄን የማዘዝ ስልጣን የለውም ብሎ ሻረው። እነሱ ያልቻሉትን እኛ የቀበሌ 14ን ሚሞሪ ጫኝ ሁሉ ልናዝ? ምልክታችን ሰው አይቶ ሚገባው መሆን አለበት በቃ።

ጸሐፊ፦ ተስማማሁ፣ «አንዴ» ይውጣ። «አይባዛም» ሚለውም ላይ ችግር አለኝ፣ አዋጁን አውጥቼ አየሁት፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኛ)። አንድ ሰው የታተመ ስራን ለግል ጉዳዩ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል፣ ከዛ ውጪ ያደረጋቸው አሉ፣ ህንፃ፣ ሶፍትዌር፣ ሙሉ መጽሐፍ ምናምን። ዘፈን ላይ «ጭራሽ አይባዛም» ብለን ብንጽፍ ህግ የፈቀደውን እኛ ከለከልን ማለት ነው፣ እንደዛ ብለን ጉባኤ ፊት አንቀርብም። ስለዚ ሦስት ብቻ፦ ነፃ (ማንም ይቅዳው)፣ ለራስ (ለግል ብቻ)፣ ጠይቁኝ (መጀመሪያ ባለስራውን)።

ባለሙዚቃ ቤት፦ ሦስት ከሆነ እኔም እይዘዋለሁ። «ጠይቁኝ» ላይ ግን ማንን ነው ምጠይቀው?

ጸሐፊ፦ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይይዛል፣ ስልኩ አንድ ነው፣ ባለስራውን እናገናኛለን።

ጋሼ መሰንቆ፦ ልጆቼ ይሄ ቢት ምትሉት ነገር ለኔ አልገባኝም አይገባኝምም። እኔ ፋይል የለኝም። ሰርግ ቤት ስጫወት አርባው ሰው ስልኩን አንስቶ ይቀርጸኛል፣ በማግስቱ ገበያ ውስጥ ራሴን እሰማዋለሁ። ታዲያ እዛ ላይ ማን ነው ምልክት ሚለጥፍልኝ? በካሴቱ ጊዜ እንኳ ሽፋኑ ላይ ማባዛት ክልክል ነው ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ ካሴቱ ሲገለበጥ ሽፋኑ ይቀራል፣ ያው የናንተም እንደዛው መሰለኝ።

የቪዲዮዋ፦ ጋሼ እርሶ እኮ ጫፉን ያዙት። ሽፋኑ ይቀራል! እኔም ሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ቪዲዮ ውስጥ ስሜን ስልኬን ሁሉን ሞልቼ እልካለሁ፣ አንዱ በሌላ አፕ ቆርጦ ሲያወጣው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድም ሴቭም እንዳይደረግ መዝጋት ይቻላል፣ እኔም እዘጋለሁ፣ ሰውዬው ሌላ ስልክ አስጠግቶ ይቀርጸዋል። ከምስሉ ከድምፁ ጋር ካልተዋሃደ አይቆይም።

ጋሼ መሰንቆ፦ ከድምፁ ጋር ከሆነማ ችግር የለም። የሙሽራውን አባት በስም ጠርቼ ሳወድስ ነው ማድር፣ የራሴን ስም መጥራት ያቅተኛል? መግቢያው ላይ አንድ ስንኝ አስገባለሁ፣ ማን እንደሆንሁ፣ ለቤቱ ይሁን ለገበያ እንዳይሆን። እሱን ቆርጦ ሚያወጣ ካለ ግጥሙ ይሰበርበታል።

ባለሙዚቃ ቤት፦ 😂😂 ጋሼ እርሶ ከኮምፒውተሩ ልጅ በለጡ

የፖሊው ልጅ፦ አምኛለሁ 🙏 ለተቀረጸው ስራ ግን የጽሁፍ ምልክትም ያስፈልገናል፣ ባለሙዚቃ ቤት ሳይከፍተው እንዲያይ። እኔ ፋይል ስሙ መጀመሪያ ላይ ነ፣ ራ፣ ጠ ብለን እንጻፍ ብዬ ነበር፣ ሞከርኩት፣ ስልክ ላይ አሪፍ ነው፣ የአጎቴ መኪና ማጫወቻ ላይ ግን ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆነ። ሌላም አለ፣ በድሮው አይነት ኤምፒ3 የዘፋኙ ስም፣ ርዕሱ ምናምን ሚቀመጠው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ባለች 128 ባይት ውስጥ ነው፣ ለአስተያየት 30 ባይት ብቻ ነው የተሰጠው፣ የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል ሚያስቀምጥበት ዘዴ) አንዱ 3 ባይት ይበላል፣ አስር ፊደል ማለት ነው። «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት» ሳትል ያልቅብሃል። ስለዚ ቁጥር ይሻላል፣ ቁጥር የትም ይታያል። 1 2 3 ብንል ከትራክ ቁጥር ጋር ይምታታል፣ 111፣ 222፣ 333 ይሁን። 111 ነፃ፣ 222 ለራስ፣ 333 ጠይቁኝ።

ባለሙዚቃ ቤት፦ ይሄ ወደድኩት፣ ፎልደር ስከፍት በስም ተደርድሮ ሦስት ክምር ሆኖ ነው ሚመጣልኝ። 333ቱን አልነካም፣ 111ን ገልብጬ እሰጣለሁ። ሱቁ ግድግዳ ላይ ትርጉሙን ምለጥፍበት ወረቀት ስጡኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ወረቀት ማሳተም ብቻ ከሆነ ካዝናው ይችላል። ሶፍትዌር ግዙ ካላችሁኝ ግን አልፈርምም።

የቪዲዮዋ፦ ግዴለም አንገዛም። ሚቆልፉት አባላትስ? ሁለት ሰዎች አሉ ኮንሰርታቸውን ቆልፈው ሚሸጡ።

ጸሐፊ፦ ይቆልፉ፣ መብታቸው ነው፣ ግን ሰው ከመክፈሉ በፊት ቁጥሩ ይታይ፣ በስንት ስልክ እንደሚከፈት፣ እስከ መቼ፣ ስልክ ቢሰበር ምን እንደሚደረግ በሁለት መስመር ይጻፍ። እኔ የተቃጠልኩበትን ሌላ ሰው አይቃጠልበት። ሐሳባችን ውስጥ አንቀጽ 3 አድርጌ አስገባዋለሁ።

ባለሙዚቃ ቤት፦ ቆይ ቆይ፣ ዛሬ ከሰዓት 40 ፋይል ስሙን ቀይሬ ሞከርኩት። በፍላሽ ሲሄድ ቁጥሩ አብሮ ሄደ፣ ባጃጅ ማጫወቻም ላይ ተነበበ። ቴሌግራም ላይ ስልከው ግን የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርዕስ ብቻ ነው ሚታየው፣ ቁጥሬ ጠፋ።

የፖሊው ልጅ፦ አዎ ዘፈን ሲሆን ውስጥ ያለውን ርዕስ ነው ሚያሳየው፣ የፋይሉን ስም አይደለም። ስለዚ ርዕሱም መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ይግባ። አንድ ላይ ሚቀይር ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሁድ ሱቅህ መጥቼ አሳይሃለሁ።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 2 ላይ ጨመርኩት፣ በስሙም በርዕሱም። ጋሼ፣ የስንኟን ናሙና ቅዳሜ ብንቀርጻትስ?

ጋሼ መሰንቆ፦ ቅዳሜ ዘጌ ሰርግ አለብኝ፣ ጀልባው በጠዋት ነው። አርብ ማታ እመጣለሁ፣ ሻይ ቤቱን ዝም አሰኙልኝ።